የጣቢያው መርዶ

ጋሼ ሰሚር የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ደሴ በወጣ በሳምንቱ ጣቢያው ሞተ።

ሞተ ስል ሥራ አቆመ ማለቴ አይደለም። ሥራማ የዚያን ዕለትም እንደ ልማዱ ሠርቷል፤ ወፍጮው ፈጭቷል፣ ፓምፑ ውኃ ስቧል፣ የእኔም ማሽን በረዶውን አውጥቷል። ሞተ የምለው ከላይ የመጣውን ውሳኔ ሰምቼ ነው። ውሳኔው የተነበበው ማታ ገበያው መሀል፣ ምሰሶው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው። «የጭሬቻ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የአገልግሎት ዘመኑን ስለፈጸመ ይፈታል። ነዋሪው ከትልቁ የፀሐይ ኃይል ሜዳ በሚመጣው መስመር ይጠቀማል። ፈታቾች በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ይደርሳሉ።» የምታነበው ሴት ድምጿ ለስላሳ ነው። ሰው አይደለችም ይላሉ። ሆነችም አልሆነችም «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ ነው የጨረሰችው።

ቲማቲም የምትመዝነው ሴት ሚዛኗን አንጠልጥላ ቀረች። ከዚያ አንዱ «ለአጥፊው ማን ሊነግረው ነው?» አለ፤ ሁላችንም ወደ መሬት አየን።

አጥፊው የምንለው ጋሼ ሰሚርን ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ። የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ግን ኃላፊ ብሎ የሚጠራው የለም። ሰው የሚጠራው በሚያየው ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን የምናየው ሊያጠፋ ሲመጣ ነው።

ጭሬቻ ቀን ትተኛለች። ረፋዱ ሲገፋ መንገዱ ይዘጋል፤ ከዚያ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ውጭ የተገኘ ሰው ወይ አብዷል ወይ እንግዳ ነው። ያ ሰዓት የፀሐይና የጣቢያው ነው። እኛ በጨለመ ክፍል እርጥብ ሻሽ ግንባራችን ላይ ጥለን ስንገላበጥ፣ ጣቢያው ውኃ ይስባል፣ ይፈጫል፣ ያቀዘቅዛል። ስንነሳ ሥራው አልቆ ይጠብቀናል። ትምህርቱም፣ ገበያውም፣ ሠርጉም፣ ጠቡም ከመሸ ነው። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ጠረጋ አለ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የፓኔል ረድፍ አለው፤ የወረደውን አቧራ በአሮጌ ነጠላ ያብሳል። በነጠላ የሆነው መስተዋቱን ስለማይጭረው ነው። በውኃ ማጠብ ክልክል ነው፤ ውኃ ለጉሮሮም አልበቃ። ጭሬቻ ውስጥ አዲስ ነጠላ ስትገዛ የታየች ሴት «ለትከሻሽ ነው ለፓኔሉ?» ሳትባል ቤቷ አትገባም።

ከመሸ በኋላ ደንቡ «አንድ ነገር» ነው። በየቤቱ አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፤ ወይ ማራገቢያ፣ ወይ ማቀዝቀዣ፣ ወይ መብራት። እኔ በረዶ ነጋዴ ነኝና ማቀዝቀዣ እላለሁ። ባለቤቴ ናሆም ወፍራም ነውና ማራገቢያ ይላል። ተጋብተን ስንኖር የተጨቃጨቅነው በዚህ ብቻ ነው ብል አትመኑኝ፤ አብዛኛው ግን በዚህ ነው።

ያም ሆኖ ባትሪው ይደክማል። ጭሬቻ ውስጥ ያልደከመ ባትሪም ሰውም የለም። ሲደክም አንዱ ሰፈር መጥፋት አለበት። ማጥፊያው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ጋሼ ሰሚር ወንበሩ ላይ እንደተደገፈ ሊጫነው ይችላል። አይጫነውም። ዱላውን ይዞ ይወጣና በር በር ያንኳኳል።

«እንዴት ዋላችሁ? ላጠፋ ነው። የታመመ አለ? አራስ አለ?»

አለ ካሉት ያን ቤት ይተወውና በምትኩ የራሱን ያጠፋል። የለም ካሉት፣ እኔ በረዶዬን ጭድ አልብሼ፣ ናሆምም ግማሹን የተላጨ ፊቱን ጨርሶ፣ በሰላም እንጨልማለን። ይህን ሁሉ ዘመን ሳያንኳኳ አጥፍቶብን አያውቅም። ወሬ ስለሚወድ፣ ዙሩን ሳይጨርስ ባትሪው በራሱ ጊዜ ጸጥ የሚልበት ቀን ነበር። ያኔም ቢሆን የቀሩትን በሮች አንኳኩቶ «ልነግራችሁ ስመጣ ቀደመኝ» እያለ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። አለቃ ሆኖ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ስታዩ ትንሽ ትስቁበታላችሁ፤ እኛም ስንስቅበት ኖረናል።

እንግዲህ ነገሩ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ፈታቾች ወደ አንድ ጣቢያ ሲመጡ፣ ኃላፊውን በሕዝብ ፊት «ጣቢያው ያገለግላል?» ብለው ይጠይቁታል። ደንብ ነው። «ያገለግላል» ካለ ዕድሜ ተጨምሮለት ይመለሳሉ። ጋሼ ሰሚር ከዚህ በፊትም ብሎ መልሷቸዋል። ስለዚህ ለጭሬቻ የቀረቻት ነገር በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት። ሰውየው ደግሞ ደሴ ሆስፒታል ዓይኑ ታሽጎ ተኝቷል፤ ሐኪሙም «ቁስሉ እስኪጠግግ እንዳያለቅስ» ብሎ አስጠንቅቋል።

«ማልቀሱማ ያለቅሳል» አሉ አቶ ያብስራ፣ የእድራችን ዳኛ። «ከጣቢያው ሌላ ምን አለው?»

ሁላችንም እውነት ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

ስለዚህ ደበቅነው። የሞት ወሬ በሚደበቅበት ደንብ ደበቅነው። እሱ ማታ ማታ ይደውልልኛል፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤት ነኝና ጣቢያውን አደራ ያለው ለእኔ ነው።

«ሶሊ፣ ጣቢያው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ። ናፍቆሃል።»

«አትቀልጂ። የእማማ ኤልዳና ረድፍ ተጠርጓል?»

«እንደ ሙሽራ ፊት።»

በደንቡ መሠረት ከጥቂት ቀን በኋላ ማሳመም አለ። ሰው ደህና ነው ሲባል ከርሞ በአንዴ ሞተ አይባልም። አቶ ያብስራ ከጎኔ ቆመው በምርኩዛቸው ነካ ነካ ሲያደርጉኝ፣ «ትንሽ አሞት ነበር ጋሼ» አልኩት።

«ምኑን?»

«እንጃ። ሳል ቢጤ።»

«ጣቢያ ያስለዋል እንዴ?»

«አቧራው ነው።»

ከዚያ «ሶልያና፣ ሐኪሙ ዓይኔን እንጂ ጭንቅላቴን አልነካም» ብሎ ዘጋው። ስሜን ሙሉ የሚጠራኝ ሲቆጣ ነው። አቶ ያብስራ ግን ረኩ። «ጥሩ ነው። ቀጥሎ ጠንቶበታል ትይዋለሽ።»

ጠንቶበታል ሳልለው መጣ። ፈታቾቹ ሊደርሱ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከመኪና ወረደ፤ አንድ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ታሽጓል፣ ሌላኛው አቧራ ይፈራል። በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሊሄድ ሲል «መንገድ አድክሞሃል፣ ነገ ታየዋለህ» ብለን ከበን አስተኛነው። እሱ እንደገባ እድሩ አቶ ያብስራ ግቢ ተሰበሰበ።

«እኔ ልንገረው» አልኩ። «በአጥሩ ላይ ሁለት ቃል ነው፤ ነገ ጠዋት ነግሬው ስለ ሐሙሱም እናወራለን።»

«መርዶ በአጥር ላይ!» አሉ አቶ ያብስራ። «ውሻ ነው የሞተው? ሰውየው ዕድሜውን የገበረበት ነገር ነው። ብቻውን ሰምቶ ደርቆ ቢቀርስ? ሐሙስ ማን ሊናገርልን ነው? መርዶ በመርዶ ወግ ነው የሚነገር፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰብሰብ ብለን። ያለቅሳል፣ ይወጣለታል፤ ከዚያ ይናደዳል። የተናደደ ሰው ነው የምንፈልገው።»

ነገሩ ደግሞ የተሳሳተ አይመስልም ነበር። ደክሞንም ነበር። የደከመው ሰው ወግ ይወዳል፤ ወግ አያሳስብም።

እማማ ኤልዳና ይምጡ ተባለ። እናቶቻችን ስም ሲያወጡ የዘመኑን አማርጠው ነው፤ አሁን ያብስራ ጥርስ የለውም፣ ኤልዳናም ያለ ደጋፊ አትራመድም። እማማ ኤልዳና የአገሩ አልቃሽ ናቸው። ከጀመሩ ድንጋይ ያስለቅሳሉ፤ ችግሩ ከጀመሩ በኋላ ማቆሚያቸው የት እንዳለ አለመታወቁ ነው። ከኋላ ይሆናሉ፣ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ብቻ ይጀምራሉ ተብሎ ተስማማን። እሳቸውም «ልጅ አደረጋችሁኝ እንዴ?» ብለው ተስማሙ።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ማንም አልጠረገም። ጣቢያው ከተተከለ የመጀመሪያው ነው። ለፓኔል ያልዋለ ነጠላ ፍለጋ ሳጥን ለሳጥን ስንበረብር ቆይተን፣ አንዳንዱ ቢጫ እድፍ ያለበትን፣ አንዳንዷም የሠርጓን ነጠላ ዘቅዝቃ፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠው፣ ዝም ብለን ጠባቡን መንገድ ሞላነው። አቶ ያብስራ አንኳኩ። በጋሼ ሰሚር በር ላይ ሌላ ሰው ሲያንኳኳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። ባልታሸገው ዓይኑ ከአቶ ያብስራ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ አየን። ነጠላዎቹን አየ።

«ሒክማ ናት» አለ።

አልጠየቀም።

ሒክማ ማን እንደሆነች ለማስታወስ እኔ ራሴ ጥቂት ወሰደብኝ፤ እውነቱ ይሄ ነው። የእሱ አንድ ልጅ ናት። ገና ጠጉሯን መሥራት ሳትችል ጀምሮ በአጥሬ ሥር እየሾለከች በረዶ ትሰርቀኝ ነበር። ካደገች በኋላ ሥራ አገኘሁ ብላ ወደ ትልቁ ሜዳ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ ብቅ ካለች ነው። ሜዳው ታች በረሃው ውስጥ ነው፤ ዳር የለውም ይላሉ። ሠራተኞቹ ነጭ ለብሰው ከመስተዋቱ ሥር ይውላሉ። ሐሩር የጣለውን ሰው ስም ያቺ ለስላሳዋ ሴት ማታ ገበያው መሀል ታነበዋለች፤ በዚያን ጊዜ ግን «እንኳን ደስ አላችሁ» አትልም። ጋሼ ሰሚር ስለ ልጁ አንስቶ አያውቅም። ስም ሲነበብ ግን ምሰሶው ሥር ሄዶ እንደሚቆም ሁላችንም አይተናል። ወሬ ሊሰማ ነው ብለን አለፍነው እንጂ።

ከጣቢያው ሌላ ምን አለው ያልነው ሰው እንግዲህ ይሄ ነው።

አቶ ያብስራም ደነገጡ፤ ግን አፋቸው በወጉ ተከፍቶ ስለነበር የወጣው የወጉ ቃል ነው። «ሰሚር፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉ።

እማማ ኤልዳና «ቁጭ በል» የምትለዋን ሲሰሙ ጊዜው የደረሰ መሰላቸው። «ወይኔ! ወይኔ የእኔ ብርሃን! በጨለማ ጥለሽን!» ብለው ለቀቁት። ሌሎቹም ሴቶች ልማድ ሆኖባቸው ተከተሉ።

ጋሼ ሰሚር ደጃፉ ላይ ተንበረከከ፣ ቀጥሎ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። «ጣቢያው ነው! ጣቢያው ነው እኮ!» እያልን ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንጮሃለን፤ ለቅሶው ውጦናል። ዞሬ የእማማ ኤልዳናን አፍ በእጄ ያዝኩ። «እማማ፣ በእናትዎ ይብቃዎ!» ከዚያ አጠገቡ ተንበርክኬ በጆሮው ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ሒክማ ደህና ናት። የሞተው ጣቢያው ነው።»

ቀና አለ። ግንባሩ አፈር ነው።

«ምን አልሽ?»

«ጣቢያው ነው። ሊፈቱት ነው።»

«ሒክማስ?»

«ሒክማ ምንም አልሆነች። ማንም ስለ ሒክማ አላወራም።»

«ስልኬን» አለ። እኔ ደወልኩለት። ብዙ ጠርቶ ተነሳ፤ ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ ኋላ የሴት ድምፅ።

«አባ? በዚህ ሰዓት? ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ምንም የለም። ድምፅሽን ፈልጌ ነው።»

«እያለቀስክ ነው እንዴ? ዓይንህ!»

«ዓይኔ አዲስ ነው። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ስልኩን ዘግቶ መሳቅ ጀመረ። የሳቀው ሳቅ አስፈራን። ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ያሸጉለት ጨርቅ በእንባ ረጥቦ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ያብስራ ቅር አላቸው። «እኛ እኮ ለቅሶ ነው የመጣነው» አሉ።

«አውቃለሁ፤ አታልቅሱ አላልኩም» አለ። «ጣቢያው ነው አላችሁ? በቃ ጣቢያው?»

«ነገ ሊፈቱት ይመጣሉ» አልኩት። «ግን ምንም አይደል፤ እንደ ልማድህ ያገለግላል ትላቸዋለህ፣ ይመለሳሉ።»

ሳቁ ቆመ። አፈሩን ከግንባሩ ጠረገና ጣቶቹን አያቸው።

«አልልም።»

«እንዴት አትልም?»

«ግንባሬን መሬት ላይ ሳደርግ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ያ ረቢ፣ ይሄን መርዶ ውሸት አድርግልኝና ጣቢያው ይሂድ፤ አፌን አልከፍትለትም አልኩ። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።» በአንድ ዓይኑ አንድ በአንድ አየን። «ተናግሬ ሳልጨርስ ነው የተቀበለኝ።»

የዚያን ጠዋት ረፋዱ ገፍቶ፣ መንገዱ የሚዘጋበት ሰዓት አልፎ፣ እኛ እሱ ደጃፍ ላይ በጃንጥላ ሥር ተኮልኩለን እንከራከራለን። አቶ ያብስራ ጀመሩ።

«በውሸት መርዶ የተሳሉት ስለት ስለት አይደለም።»

«ስሳል መርዶው እውነት ነበር» አላቸው።

«ጋሼ» አልኩ እኔ፣ «ጣቢያው እኮ የሰፈሩ ነው። ተዋጥተን ነው የተከልነው፣ ነጠላችንን ጨርሰን ነው የጠረግነው። የሰው ንብረት ይሳላሉ?»

«ጣቢያውን አልተሳልኩም ሶሊ። ያገለግላል የምትለዋን ቃል ነው። እሷ የእኔ ናት፤ ሌላ ሰው ቢላት አይሰሙትም።»

ሼህ ፉአድ ተጠሩ። ከሁለታችንም ወገን ሰምተው፣ «ስለቱ የእሱና የጌታው ነው። እናንተ ግን መርዶ የመንገር ሥራ ይቅርባችሁ» ብለው ሄዱ። ናሆም «ጉድ ነው፤ ዝም ብላችሁ በስልክ ብትነግሩት ኖሮ» አለ። ዝም በል አልኩት። እውነት የሚናገረው ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ሐሙስ ፈታቾቹ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ልብሳቸው ውስጥ ቅዝቃዜ ስላለ ፀሐይ አያስፈራቸውም። ከተማው ሳይተኛ ጠበቃቸው፤ ጃንጥላና እርጥብ ሻሽ ይዞ፣ ዓይኑን አጥቦ፣ ጣቢያው ፊት ቆመ። አለቃቸው ለግላጋ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ «ስለቀሰቀስናችሁ ይቅርታ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወደ ጋሼ ሰሚር ዞረ።

«ጣቢያው ያገለግላል?»

ከኋላችን ወፍጮው ይፈጫል። ፓምፑ ይንዶቀዶቃል። ረቡዕ ስላልጠረግን ሐሙስ በእጥፍ ጠርገነው ነበርና ፓኔሎቹ ዓይን አያስገልጡም።

ጋሼ ሰሚር አፉን አልከፈተም።

ወጣቱ ደግሞ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነው የሚያየው። እማማ ኤልዳና በሹክሹክታ «በል፣ በላቸው የእኔ ልጅ» አሉ። ጋሼ ሰሚር ጥርሱን ነክሶ መሬቱን አየ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ቃሏ ከውስጥ እየገፋችው መሆኗ ይታወቃል።

«ዝም ካሉ አያገለግልም ተብሎ ነው የሚወሰደው» አለ ወጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ሊረዳው የፈለገ ይመስል። ጋሼ ሰሚር አውቃለሁ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በእጁ «ትንሽ ቆዩኝ» የሚል ምልክት አሳየና ዱላውን አንስቶ ወደ ሰፈሩ ሄደ።

የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኳ ነው የገባን። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ከእኛ ጋር ቆመዋል። ሮጡ። ከዚያ ሁላችንም ሮጥን። በዚያ ሐሩር፣ ጃንጥላችንን ጥለን፣ ሽማግሌ ከልጅ ወደየቤታችን ሮጠን ገባንና በሩን ከውስጥ ዘግተን ጠበቅነው። ፈታቾቹ ምን እንዳሉ አላውቅም።

የእኔ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ላብ ከጨርቁ ሥር ይወርዳል። «ላጠፋ ነው። የታመመ አለ?»

«አለ» ልለው ነበር። አለ ካልኩት አያጠፋም፤ ያውቃል፣ አውቃለሁ። ናሆም ከኋላዬ ቆሟል፤ ዞሬ ባየው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ በሽተኛ ግድግዳ ተደግፏል። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«የለም ጋሼ» አልኩ። «አጥፋ።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ወደሚቀጥለው በር አለፈ።

ከቆይታ በኋላ ወፍጮው ቆመ። ፓምፑም ቆመ። ጭሬቻ ቀን ላይ እንዲህ ጸጥ ብላ ሰምቼ አላውቅም።

ፓኔሎቹን ነቅለው ሲጭኑ ከሥራቸው ሣር ተገኘ። ለምለም፣ በጥላው ያደገ፤ ማንም አላየውም ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የአገሩ ፍየል ሁሉ ገብቶ ጨረሰው።

የሜዳው መብራት በማግስቱ ገባ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። «አንድ ነገር» የሚባለው ደንብ ቀረ። ናሆም ማራገቢያውን፣ እኔ ማቀዝቀዣዬን፣ ከዚያም በላይ መብራቱን አብርተን ተቀመጥን፤ የምንጨቃጨቅበት አጥተን ፊት ለፊት ተያየን። ጠረጋም ቀረ። ቀረ እንጂ ሰዉ ጎህ ሳይቀድ መንቃቱን አልተወም፤ አሮጌ ነጠላውን ይዞ ደጅ ይወጣና ባዶውን ቦታ አይቶ ይመለሳል። የምሰሶዋ ሴት በየማታው እንኳን ደስ አላችሁ ትለን ነበር። ድካሙ ግን አልለቀቀንም። ሥራ ሲቀንስ ድካም ይቀንሳል የሚል ሰው ሠርቶ የማያውቅ ነው።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ እራት ላይ ሳለን፣ ጠፋ።

ዝም ብሎ ጠፋ። የእግር ኮቴ የለም፣ የዱላ ድምፅ የለም። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ወደ በሩ አየሁ። ናሆምም ወደ በሩ አየ። እስኪንኳኳ ጠበቅን። አልተንኳኳም። በረዶው ጭድ ሳይለብስ ቀልጦ በበሩ ሥር ወደ መንገዱ ወረደ፤ ማለዳ ላይ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይልሰዋል። ያቺ ሴት በማግስቱ «ኃይሉ ለበለጠ ጥቅም ወደሚያስፈልግበት ተዛውሯል» አለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚሁ ነው። ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል።

ጋሼ ሰሚር የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ለሒክማ ሲደውል በአጥሩ ሰማሁት።

«ማነው እኛን የሚያጠፋ? ስልኩን ስጪውና ላናግረው። አጥፋ፤ ግን መጀመሪያ ጠይቅ ልበለው።»

«አባ፣ እዚህ የሚያጠፋ ሰው የለም። ራሱ ነው።»

«ራሱስ ቢሆን፣ ጆሮ የለውም?»

«የለውም አባ።»

«አንቺ ግን ደህና ነሽ?» አላት። ደህና ነኝ አለች። «እሱ ይበቃል» አለ። ይበቃው እንደሆነ ፊቱን አላየሁትም፤ አጥሩ ረጅም ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ የዱላ ድምፅ መጣ። ከታች ሰፈር ጀምሮ፣ በር በር። የጨለመውን እያንኳኳ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ስቄያለሁ። እማማ ኤልዳና ዘንድ ሲደርስ ግን «የታመመ አለ?» ሲል «አለ፤ እኔ ነኝ፣ ትኩሳት ይዞኛል» አሉት። የሚያበራላቸው ነገር የለውም። ገባ። አጠገባቸው ተቀምጦ፣ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ፣ በካርቶን ሲያራግባቸው አመሸ። እሳቸው በማግስቱ «ማራገቢያዬ ወሬ ያበዛል» ብለው ለሰፈሩ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

አሁን ሲጠፋ እንጠብቀዋለን። የእኛ በር ጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ቆይቷል።

«እንዴት ዋላችሁ?»

«ደህና ጋሼ። ጠፍቷል እኮ።»

«አውቃለሁ። የታመመ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔ እንዳጠፋሁት ቁጠሩት» ይልና ወደሚቀጥለው በር ያልፋል።

«እሺ ጋሼ» እላለሁ። በረዶው ግማሹ ውኃ ሆኗል። ቢሆንም ተነስቼ ጭዱን አለብሰዋለሁ።